የተቀበሩ ቧንቧዎች ንዝረትና የደብረ ብርሃን አፈር

ከ2017 ዓ.ም. መግቢያ አንስቶ ለወራት በአፋር ክልልና በአጎራባች የኦሮሚያ ወረዳዎች በተከታታይ የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ፣ ከስምጥ ሸለቆው ጠርዝ በላይ በምትገኘው ደብረ ብርሃንም ተሰምቷል። ከተከታታይ ክስተቶቹ መካከል በኃይሉ ከፍተኛ የነበረው የካቲት 7 ቀን 2017 ዓ.ም. የደረሰው ሲሆን መጠኑም 6 ገደማ ነበር። መንስኤው በፈንታሌና በዶፈን እሳተ ገሞራዎች መካከል ከመሬት በታች ሰርጎ የገባ ቅልጥ ዓለት መሆኑን የዘርፉ ተመራማሪዎች አረጋግጠዋል። ሁለቱም ተራሮች ከደብረ ብርሃን መቶ ኪሎ ሜትር በማይሞላ ርቀት ላይ ይገኛሉ።

በእንዲህ ያለ ጊዜ ሰው ቀና ብሎ የሚያየው ግድግዳና ጣሪያን ነው። ከአስፋልቱ በታች የተቀበረውን የውኃ ቧንቧ፣ ከጉብታ ላይ የተተከለውን ማጠራቀሚያ ጋን የሚያስታውስ ጥቂት ነው። ይሁንና ቤቱ ሳይፈርስ ውኃው ቢቋረጥ፣ ከተማዋ ችግር ላይ ለመውደቅ ሁለትና ሦስት ቀን ይበቃታል።

ስስ ግድግዳ ያለው ክብ ቱቦ እንዴት ይነዝራል? ግድግዳው ከተለያዩ ነገሮች ተደራርቦ ሲሠራ ምን ይለወጣል? ዙሪያውን አፈር ሲይዘውስ? እነዚህን ጥያቄዎች የሚመረምረው የሜካኒክስ ዘርፍ በተለጣጭ መሠረት ላይ ያረፉ የኮምፖዚት ሲሊንደራዊ ቅርፊቶች ንዝረት የሚል ረዥም ስም አለው። ስሙ ከመንግሥት ሠራተኛው ጠረጴዛ የራቀ ይመስላል እንጂ፣ ጉዳዩ በጨረታ ሰነድ፣ በክፍያ ምስክር ወረቀትና በርክክብ ቃለ ጉባዔ ውስጥ ስሙ ሳይጠራ የሚያልፍ ነው።

ለሰሜን ሸዋ የመሬት መንቀጥቀጥ አዲስ እንግዳ አይደለም። ግንቦት 24 ቀን 1953 ዓ.ም. በካራ ቆሬ አካባቢ የደረሰው መንቀጥቀጥ መጠኑ ከ6.5 የማያንስ እንደነበር ይገመታል። የማጀቴ ከተማ ሙሉ በሙሉ ስትፈርስ፣ በካራ ቆሬ ከነበሩት ቤቶች ግማሽ ያህሉ ወድቀዋል፤ ከ5 ሺህ የማያንስ ሕዝብም ቤት አልባ ሆኗል። ወደ ደሴ የሚወስደው አውራ መንገድ በመሬት መሰንጠቅና መንሸራተት 17 ኪሎ ሜትር ያህል ተጎድቷል። ይህን ዘመን በቅርብ የተከታተሉትና ቀደም ያሉትን ክስተቶች ከታሪክ ድርሳናት የሰበሰቡት፣ የአዲስ አበባው የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ መሥራች ካናዳዊው የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን ፒየር ጉዋን ሲሆኑ፣ የኢትዮጵያንና የአፍሪካ ቀንድን የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ የያዘው መጽሐፋቸው የታተመው እ.ኤ.አ. በ1979 ነው። በማጀቴ በዚያን ጊዜ የከተማ የውኃ መስመር ጉዳይ አልነበረም ማለት ይቻላል። ዛሬ ግን የአካባቢው ከተሞች በቧንቧ ላይ የተመሠረቱ ናቸው። ደብረ ብርሃንም ከቀድሞው ብርድ ልብስ ፋብሪካ አንስቶ እስከ ቢራ ፋብሪካዎቿ፣ በ2011 ዓ.ም. እስከተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክና በ1999 ዓ.ም. እስከተቋቋመው ዩኒቨርሲቲ ድረስ ውኃ ፈላጊዋ በዝቷል።

ሲሊንደራዊ ቅርፊት የሚባለው ከርዝመቱና ከስፋቱ አንፃር ግድግዳው በጣም ስስ የሆነ ክብ ዕቃ ነው። የውኃ ቧንቧ፣ የነዳጅ ታንከር፣ የቢራ መጥመቂያ ጋን፣ የሲሚንቶ መያዣ ሁሉ በዚህ ውስጥ ይመደባሉ። በደጋው አርሶ አደር ቤት እህል የሚቀመጥበት ጎታም ከዚሁ ወገን ነው፤ እንዲያውም ጎታ የኮምፖዚት ቅርፊት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ጭቃ ብቻውን ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ጭድ ብቻውን አይቆምም። ሁለቱ አብረው ሲቦኩ ጭቃው ቅርጽና ጥንካሬ ይሰጣል፣ ጭዱ ስንጥቁ እንዳይሮጥ ይይዛል። የቤት እመቤቶች ከትውልድ ትውልድ ሲያስተላልፉት የኖሩት ይህ ዘዴ፣ በፋብሪካ ደረጃ ጭቃው በሙጫ መሰል ፕላስቲክ፣ ጭዱ በመስታወት ክር ሲተካ በተለምዶ ፋይበር ግላስ የሚባለው ቁስ ይሆናል።

ልዩነቱ በፋብሪካው ቧንቧ ውስጥ ክሩ እንደ ጭድ በየትም አለመበተኑ ነው። ክሩ በሚሽከረከር ቅርጽ ላይ በተወሰነ ማዕዘን ይጠመጠማል፣ ከዚያም በተቃራኒው አቅጣጫ ሌላ ንብርብር ይደረብበታል። በውስጡ ግፊት ያለው፣ ጫፎቹ የተዘጉ ሲሊንደር ዙሪያውን የሚወጥረው ኃይል በርዝመቱ ከሚስበው ኃይል ሁለት እጥፍ ነው። በመሆኑም ክሩ ከቧንቧው ርዝመት ጋር ወደ 55 ዲግሪ በሚጠጋ ማዕዘን ሲጠመጠም ሁለቱንም ኃይሎች በተመጣጠነ ሁኔታ ይሸከማል። ማዕዘኑ ሲለወጥ የቧንቧው ጠባይም ይለወጣል። ብረት በየአቅጣጫው አንድ ዓይነት ጥንካሬ ሲኖረው፣ ኮምፖዚት ግን እንደ አጠማጠሙ ነው። ክብደቱ ከብረት ሩብ ያህል መሆኑና አለመዛጉ ተፈላጊ ያደርጉታል። በአንፃሩ ግድግዳው ከብረት ግድግዳ ይልቅ በቀላሉ የሚታጠፍ በመሆኑ፣ ለንዝረትና ለአፈር ጫና ያለው ጠባይ ለብቻው መታየት ይኖርበታል።

ንዝረቱን ለመረዳት የቤተ ሙከራ መሣሪያ አያስፈልግም። ባዶ ብርጭቆ በማንኪያ ጫፍ ቢመታ ቀጭን ድምፅ ያሰማል። ውኃ ሞልቶ ቢመታ ድምፁ ይወፍራል። ብርጭቆውን በመዳፍ አጥብቀው ይዘው ቢመቱት ደግሞ ድምፁ ወዲያው ይታፈናል። በዚህች ትንሽ ሙከራ ውስጥ የመስኩ ዋና ዋና ነገሮች ተካትተዋል። ማንኛውም ቅርፊት ሲነካ በራሱ ልክ፣ በሰከንድ ይህን ያህል ጊዜ እየተመላለሰ ይነዝራል፤ ይህ ቁጥር የተፈጥሮ ድግግሞሹ ይባላል። የግድግዳው ጥንካሬ ሲጨምር ድግግሞሹ ይጨምራል፤ አብሮት የሚንቀሳቀሰው ክብደት ሲጨምር ይቀንሳል። ውኃው ክብደት ነው። መዳፉ ደግሞ ንዝረቱን የሚውጥ ነው።

ብርጭቆው ሲመታ አፉ ክብ ሆኖ አይቆይም። አንድ ጊዜ በዚህ በኩል፣ አንድ ጊዜ በዚያ በኩል እንደ እንቁላል ይሞላላል። ቧንቧም እንዲሁ ነው። ዙሪያው በሁለት፣ በሦስት፣ በአራት ወይም ከዚያ በሚበልጡ ሞገዶች ሊታጠፍ፣ በርዝመቱም እንደዚሁ ሊከፋፈል ይችላል። አንድ ሰው ሞገዱ በበዛ ቁጥር ድግግሞሹም አብሮ ያድጋል ብሎ ቢገምት አይፈረድበትም። አርኖልድና ዋርበርተን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1949 ባወጡት ጥናት ግን ጉዳዩ እንደዚያ ቀላል አለመሆኑን አሳይተዋል። በጥቂት ሞገዶች ሲታጠፍ ግድግዳው መለጠጥ ይኖርበታል፤ ይህም ብዙ ኃይል ይጠይቃል። በብዙ ሞገዶች ሲሆን ደግሞ መለጠጡ ይቀርና መታጠፉ ይከብዳል። ዝቅተኛው ድግግሞሽ፣ ማለትም ቅርፊቱ በቀላሉ የሚነቃበት ሁኔታ፣ በሁለቱ መካከል በሆነ ቦታ ይገኛል። ጫፎቹ የተያዙ አጭር ጋንና ለብዙ ኪሎ ሜትር የተዘረጋ ቧንቧ በአንድ መለኪያ የማይዳኙትም በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን ወደ አፈሩ እንመለስ። የአፈርን ተግባር በቀመር ለማስቀመጥ የመጀመሪያውን መንገድ የከፈተው ኤሚል ቪንክለር ሲሆን ሐሳቡን ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1867 ነው። በእርሱ አመለካከት አፈር ማለት ጎን ለጎን የተደረደሩ ብዙ ሞላዎች ማለት ነው። ፍራሽ ላይ የተቀመጠ ሰው ከሥሩ ያሉትን ሞላዎች እንደሚጫን ሁሉ፣ ባቡር ሐዲዱን ሲጫን ከሐዲዱ ሥር ያለው መሬት በዚያው ልክ ይገፋዋል። ሐሳቡ ቀላል በመሆኑ እስከ ዛሬ በሥራ ላይ ነው። ጉድለቱ እያንዳንዱ ሞላ ጎረቤቱን የማያውቅ መሆኑ ነው። እውነተኛው አፈር ግን አንዱ ጥግ ሲጫን ሌላውንም ይዞ ይወርዳል። ፓስተርናክ እ.ኤ.አ. በ1954 በሞላዎቹ ላይ አንዱን ከአንዱ የሚያያይዝ ንጣፍ በመጨመር ይህን ጉድለት አሻሽሏል። ዛሬ በየዩኒቨርሲቲው ስለ ኮምፖዚት ቅርፊቶች የሚሠሩ በርካታ ስሌቶች ከሁለቱ በአንዱ ላይ የቆሙ ናቸው።

ስሌቶቹ በአንድ ነገር ይስማማሉ። ሞላዎቹ ከቅርፊቱ ጥንካሬ ጋር ይደመራሉ። አፈሩ በጠነከረ ቁጥር የቧንቧው ድግግሞሽ ከፍ ይላል፣ የሚወዛወዘውም ርቀት ይቀንሳል። ጥያቄው በምን ያህል የሚለው ነው፤ መልሱም ብዙዎችን የሚያስገርም ነው።

በአሜሪካ የአይዋ መሐንዲስ የነበረው ስፓንግለር እ.ኤ.አ. በ1941 ለታጣፊ ቧንቧዎች ያወጣው ቀመር፣ ቧንቧ ከላይ በሚጫነው አፈር ምን ያህል እንደሚሞላላ ያሰላል። በቀመሩ ውስጥ መሞላላቱን የሚቃወሙ ሁለት ነገሮች ብቻ አሉ፤ አንዱ የቧንቧው የራሱ የቀለበት ጥንካሬ፣ ሌላው በጎንና በጎኑ ያለው አፈር ጥንካሬ ነው። በገበያ ላይ የጥንካሬ ደረጃው 5000 ተብሎ የሚሸጥ የፋይበር ግላስ ቧንቧ ቢወሰድ፣ የራሱ ድርሻ በቀመሩ ውስጥ 0.04 ሜጋ ፓስካል ያህል ነው። ጎንና ጎኑ በሚገባ በተጠቀጠቀ ጠጠር ከተሞላ የአፈሩ ድርሻ 1.2 ሜጋ ፓስካል ገደማ ይሆናል። ይህም ማለት ቧንቧው አንድ እጅ ሲሸከም አፈሩ ሠላሳ እጅ ይሸከማል ማለት ነው። በቸልታ በተጠቀጠቀ ደቃቅ አፈር ሲሞላ ግን የአፈሩ ድርሻ ወደ 0.085 ይወርዳል። ሁለቱ ሲደመሩ በመጀመሪያው ሁኔታና በሁለተኛው መካከል አሥር እጥፍ ልዩነት አለ። ቧንቧው ያው ቧንቧ ነው፤ ከአንድ ፋብሪካ የወጣ፣ በአንድ ጨረታ የተገዛ፣ በአንድ ዋጋ የተከፈለበት።

ስሌቱ በዝግታ ለሚጫን ክብደት የተዘጋጀ ቢሆንም ንዝረትም የሚመራው በዚሁ ጥንካሬ ነው። ድግግሞሽ ከጥንካሬ ጋር የሚሄደው በስኩዌር ሩት በመሆኑ፣ አሥር እጥፍ የጥንካሬ ልዩነት፣ ክብደቱ እኩል ነው ከተባለ፣ የድግግሞሽ ልዩነቱን ከሦስት እጥፍ በላይ ያደርሰዋል።

የአሜሪካ የመስኖና ግድብ መሥሪያ ቤት ባልደረባ የነበረው አምስተር ሃዋርድ እ.ኤ.አ. በ1977 ይህን የአፈር ጥንካሬ ለየአፈሩ ዓይነት በሠንጠረዥ አውጥቶታል። በሠንጠረዡ ውስጥ ለተፈጨ ድንጋይ፣ ለአሸዋ፣ ለደለል ቁጥር ተሰጥቷል። ውኃ ሲያገኝ ለሚያብጥ፣ ሲደርቅ ለሚሰነጠቅ ለስላሳ ሸክላ አፈር ግን ቁጥር አልተሰጠም፤ የአፈር ባለሙያ ካላማከሩ ዜሮ ብለው ይውሰዱት የሚል ነው መመሪያው። የሰሜን ሸዋ ደጋ ሜዳ ሰፊ ክፍል ይኸው ዓይነት አፈር ነው። አርሶ አደሩ መረሬ ይለዋል። በእነዋሪና በአካባቢው ገበሬው ውኃው እንዲጠነፍለት መደብ እየሠራ የሚያርሰው ጥቁር አፈር የዚሁ ነው። በክረምት ያብጣል፣ ይጣበቃል፣ እንደ ሊጥ ይሆናል። በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል።

በመረሬ ውስጥ የተቀበረ ቧንቧ ስለዚህ በዓመት ውስጥ ሁለት ዓይነት መሠረት አለው። በሐምሌና ነሐሴ ዙሪያውን የሚገፋውና የሚጨምቀው፣ በጥር ደግሞ ከጎኑ ሸሽቶ ክፍተት የሚተውለት አፈር ነው። ቪንክለር ሞላዎቹን ሲያስብ እንዲህ ያለ አገር አላየም። አፈሩ በሸሸበት ቦታ ቧንቧው ሞላ የለውም፤ በዚያ ክፍል ድግግሞሹ ይወርዳል፣ ንዝረት ሲመጣም የሚይዘው አያገኝም። የተቆፈረውን ጥቁር አፈር መልሶ በቧንቧው ላይ መድፋት በወጪ ረገድ ቀላሉ መንገድ ነው። ተቋራጩ የሚወደው፣ ተቆጣጣሪውም አንዳንድ ጊዜ አይቶ እንዳላየ የሚያልፈው ይህ ነው። ጠጠርና አሸዋ ከሌላ ቦታ አጓጉዞ ማምጣት ዋጋ አለው፤ በሥራ ዝርዝሩ ውስጥ ካልተጻፈም ማንም አያመጣውም።

ከአፈር ውጪ የሚቀረው ቧንቧም ራሱን የቻለ ነገር አለው። በፓምፕ ጣቢያ ውስጥ ወይም ወንዝ በሚሻገርበት ቦታ በድጋፍ ላይ የተጋለጠ፣ ስፋቱ 600 ሚሊ ሜትር የሆነ ከላይ የተጠቀሰው ዓይነት ቧንቧ ቢታሰብ፣ ባዶ ሲሆን ዙሪያው በሰከንድ 35 ጊዜ ያህል እየሞላላ እንደሚነዝር በተለመደው የቀለበት ቀመር ይሰላል። ውኃ ሲሞላ አብሮ የሚንቀሳቀሰው ክብደት ስለሚጨምር ቁጥሩ ወደ 12 ይወርዳል። በደቂቃ 1450 ጊዜ የሚሽከረከር የተለመደ የውኃ ፓምፕ ደግሞ በሰከንድ 24 ጊዜ ይመታል። ቁጥሩ በሁለቱ መካከል ነው። መስመሩ ሲሞላና ሲጎድል የቧንቧው ድግግሞሽ ከፓምፑ ምት ጋር ሊገጣጠም ይችላል ማለት ነው። መሐንዲሶች ሬዞናንስ የሚሉት ይህን ነው፤ ትንሽ ምት እየተደራረበ ትልቅ መወዛወዝ ይሆናል። በፓምፕ ቤት አካባቢ ብሎን የሚላላበት፣ የመገጣጠሚያ ጎማ የሚበላበት ምክንያት ሁልጊዜ የዕቃ ጥራት ጉድለት ላይሆን ይችላል። አንዳንዴ መድኃኒቱ ድጋፉን ሁለት ሜትር ማንሳት ወይም መጨመር ብቻ ነው።

የፋይበር ግላስ መለስለስ በሁሉም ረገድ ጉዳት እንዳልሆነም መግለጽ ተገቢ ነው። መብራት ጠፍቶ ፓምፕ በድንገት ሲቆም ወይም ቫልቭ በፍጥነት ሲዘጋ በመስመሩ ውስጥ የግፊት ሞገድ ይሮጣል። ሩሲያዊው ሊቅ ዡኮቭስኪ እ.ኤ.አ. በ1898 እንዳረጋገጠው የዚህ ግፊት መጠን ሞገዱ በቧንቧው ውስጥ በሚሮጥበት ፍጥነት ልክ ነው። በብረት ቧንቧ ፍጥነቱ በሰከንድ ወደ 1000 ሜትር ሲሆን በፋይበር ግላስ ከግማሽ ያነሰ፣ 450 ሜትር አካባቢ ነው። በሰከንድ አንድ ሜትር ይፈስ የነበረ ውኃ በድንገት ቢቆም በብረቱ ውስጥ የመቶ ሜትር ከፍታ ያህል ተጨማሪ ግፊት ይፈጠራል፤ በፋይበር ግላሱ ግን ወደ 46 ሜትር ያህል ብቻ ነው። መብራት በሚቆራረጥበት አገር ይህ ጥቅም በቀላሉ የሚታይ አይደለም።

የመሬት መንቀጥቀጡ ጉዳይ ከዚህ ይለያል። የመንቀጥቀጥ ኃይል በአብዛኛው የሚገኘው በሰከንድ ከአሥር ጊዜ በታች በሆኑ ዝግተኛ ንዝረቶች ውስጥ ነው። በጥሩ አፈር በሚገባ የተቀበረ ቧንቧ ከዚህ እጅግ ከፍ ያለ ድግግሞሽ ስላለው ለብቻው አይወዛወዝም፤ ከመሬቱ ጋር አብሮ ይሄዳል። ኒውማርክ እ.ኤ.አ. በ1967 ያቀረበው ስሌትም በዚህ ላይ የተመሠረተ ነው። መሬቱ በሰከንድ 20 ሳንቲ ሜትር ፍጥነት ቢንቀሳቀስና ሞገዱ በሰከንድ 1000 ሜትር ቢጓዝ፣ ስድስት ሜትር ርዝመት ያለው አንድ ቧንቧ የሚለጠጠው አንድ ሚሊ ሜትር ከጥቂት ነጥብ ያህል ነው። የቧንቧው አካል ይህን አያጣውም።

የሚሰበረው መገጣጠሚያው ነው። የጎማ ማሸጊያ ያለው መገጣጠሚያ ሚሊ ሜትሯን ያስተናግዳል። ቧንቧው ወደ ኮንክሪት ቫልቭ ጉድጓድ በሚገባበት፣ ዙሪያውን በሲሚንቶ በተያዘበት ቦታ ግን መላወሻ የለውም። አንደኛው ወገን ከአፈሩ ጋር ይንቀሳቀሳል፣ ሌላው ከኮንክሪቱ ጋር ይቆማል። እ.ኤ.አ. በ1995 በጃፓን ኮቤ በደረሰው መንቀጥቀጥ ከአንድ ሚሊዮን በላይ አባወራዎች ውኃ ሲቋረጥባቸው፣ እንዲንሸራተቱ ተደርገው የተሠሩ መገጣጠሚያዎች የነበሯቸው ቧንቧዎች ግን ጉዳት አልተመዘገበባቸውም። ከመሬት በላይ የቆሙ ጋኖች ጉዳያቸው ሌላ ነው፤ በውስጣቸው ያለው ውኃ እየተናጠ የሥረኛውን ግድግዳ ይደቁሰዋል። እ.ኤ.አ. በ1964 በአላስካ የነዳጅ ጋኖች የተጎዱት በዚህ መልክ ነበር። ጋኑ በአንድ በኩል በጠንካራ፣ በሌላ በኩል በለስላሳ መሬት ላይ ካረፈ ደግሞ ሞላዎቹ እኩል ስላልሆኑ ጉዳቱ ይብሳል።

መሬቱ ራሱ ሲሄድ ግን ምንም ዓይነት ቧንቧ አይቋቋመውም። መስከረም 1998 ዓ.ም. በደብረ ሲና አቅራቢያ የደረሰው የመሬት መንሸራተት በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ከቀያቸው ያፈናቀለ ሲሆን፣ ከአንኮበር እስከ ጣርማ በር ያለው ገደላማ ጠርዝ በዚህ ረገድ የታወቀ ነው። በእንዲህ ያለ ቦታ የመስመር ምርጫው እንጂ የቧንቧው ዓይነት ትርጉም የለውም።

ኢትዮጵያ በ1987 ዓ.ም. ባወጣችው የሕንፃ ኮድ የመንቀጥቀጥ ስጋት የተሰላው በመቶ ዓመት አንዴ ሊደርስ በሚችል ክስተት ነበር። በኋላ ከአውሮፓ ደረጃ ጋር ተጣጥሞ የወጣው ኮድ ስሌቱን ወደ 475 ዓመት ከፍ አድርጎታል። የአውሮፓው ደረጃ ራሱን የቻለ አራተኛ ክፍል ያለው ሲሆን፣ የሚመለከተውም ጎተራዎችን፣ ጋኖችንና የቧንቧ መስመሮችን ነው። ለሕንፃ ፈቃድ ሲጠየቅ የመንቀጥቀጥ ስሌት ይቅረብ የሚለው ጥያቄ አሁን የተለመደ ነው። ለውኃ መስመር ግን ይህንኑ ጥያቄ በጨረታ ሰነድ ውስጥ የሚያስገባ ባለሥልጣን ቢኖር ከሕግ ውጪ ሆነ የሚለው አይኖርም።

በጨረታ ግምገማ ወቅት የቧንቧው የጥንካሬ ደረጃ፣ የግፊት ደረጃ፣ የፋብሪካው የምስክር ወረቀት በጥንቃቄ ይመረመራሉ። ይህ መልካም ነው። ከላይ በተጠቀሰው ስሌት ግን ቧንቧው ከሠላሳ አንዱን እጅ ብቻ ነው የሚሸከመው። የቀረው ሠላሳ እጅ በጉድጓዱ ስፋት፣ በመሙያው ዓይነት፣ ከቧንቧው ሥርና ጎን በንብርብር በተጠቀጠቀው አፈር ላይ ያርፋል። ይህ ሥራ ደግሞ የሚከናወነው ከቢሮ ርቆ፣ ብዙውን ጊዜም ክረምት ሳይገባ ለመጨረስ በሚደረግ ጥድፊያ ውስጥ ነው። ከተሸፈነ በኋላ ማንም አያየውም። ስለዚህ የመጠቅጠቅ ሙከራ ውጤት በየስንት ሜትሩ እንደሚወሰድ በውሉ ውስጥ ካልሰፈረ፣ ተቆጣጣሪው የሚያቀርበው ሪፖርት የቧንቧውን ርዝመት ብቻ የሚቆጥር ይሆናል።

ከመሸፈኑ በኋላ የሚቀር አንድ መንገድ ግን አለ። ጉድጓዱ ከተሞላ በኋላ የቧንቧው ውስጣዊ ቁመት ተለክቶ ከመጀመሪያው ጋር ይነጻጸራል። ለፋይበር ግላስ ቧንቧ በዓለም አቀፍ አሠራር የሚፈቀደው የረዥም ጊዜ መሞላላት 5 በመቶ ነው፤ በ600 ሚሊ ሜትር ቧንቧ 30 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። አፈሩ ጎኑን በሚገባ ካልያዘው ቧንቧው መሞላላት የሚጀምረው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ስለሆነ፣ ልኬቱ ከጊዜያዊ ርክክብ በፊት ሊወሰድ ይችላል። በሰፊው ቧንቧ ውስጥ ሰው በሜትር ገብቶ ይለካል፤ በጠባቡ ውስጥ ልኩ የታወቀ ድቡልቡል መለኪያ በገመድ ይጎተታል። መለኪያው ያለ ችግር ካለፈ መስመሩ ይረከባል። ከቆመ ደግሞ የቆመበት ቦታ በሜትር ተመዝግቦ፣ የመጨረሻው ክፍያ ሳይፈጸም ያ ክፍል እንደገና ይቆፈራል።